ከጉባኤው ሁሉ የምሳው ሰልፍ

ጉባኤ ምን ይጠቅማል ብላችሁ አንድ የሕክምና ሰው ብትጠይቁ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ዕውቀትና ልምድ ልውውጥ ይነግራችኋል። አትመኑት። ግማሹ የሚሄደው ለቦርሳው ነው፤ እስክሪብቶና ማንም የማያነበው ወረቀት ታጭቆበት ለሚሰጠው ለዚያ ቦርሳ። ሌላው ለሰርተፊኬቱ ይሄዳል፤ በመስተዋት አስገብቶ ከጭንቅላቱ በላይ ይሰቅለዋል። የቀረው ቀዝቃዛ አየር ባለበት አዳራሽ ሊተኛ ነው፤ በካርቱም ሙቀት ደግሞ እሱን ለመውቀስ አንጀቴ አይችልም። እኔ ግን ይሄን ሁሉ ዓመት መርፌ ይዤ ቆሜ የደረስኩበትን ልንገራችሁ፦ የጉባኤ ትልቁ ጥቅም የምሳው ሰልፍ ነው። ሳቁ፤ ስትጨርሱ እቀጥላለሁ።

አንድ ስፔሻሊስት በሥራ ቦታው ለማግኘት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? በሩ ላይ ዘበኛ አለ፤ ከዘበኛው ጀርባ ጸሐፊ አለች፤ ጸሐፊዋ አፍ ላይ ደግሞ «ቡክራ» አለ። ነገ ማለቷ ነው፤ የትኛው ነገ እንደሆነ ግን አትነግራችሁም። ያንኑ ሰው ምሳ ሰልፍ ላይ፣ ባዶ ሳህን ታቅፎ፣ ከፊቱም ከኋላውም ሰው ተደርድሮ ስታገኙት የትም አይሄድም። ረሃብ ይዞላችኋል። የልባችሁን መናገር ነው።

ነገሩ የሆነው ጦርነቱ ካርቱምን ሳይበትናት በፊት ነው። ዐማራት በሚባለው የካርቱም ሰፈር በአንዲት የግል ክሊኒክ ነርስ ነበርኩ። የአበሻ ሴት ስትመጣ ሕመሟን በዐረብኛ ለሐኪሙ፣ የሐኪሙን ቃል በአማርኛ ለሷ አቀብላለሁ። ሐኪሙ የክሊኒኩም ባለቤት ስለሆነ ሁላችንም «ሙዲር» ነው የምንለው፤ አለቃ ማለታችን ነው።

ከሚመላለሱብን አንዷ ዘሀራ ነበረች፤ የወሎ ልጅ፣ ሪያድ ሰፈር በአንድ ትልቅ ቪላ የምትሠራ። ስምንት ወር ሙሉ መጣች። «ሲስተር፣ ልቤ ደረቴን ሊቀደው ነው። እጄ ይንቀጠቀጣል። ላብ ያጠምቀኛል። እየበላሁ እከሳለሁ» ትለኛለች። ሙዲሩ ሦስቴ ወባ አላት፣ ሁለቴ ታይፎይድ። ካርቱም ውስጥ ወባም ታይፎይድም ያልሆነ በሽታ ጠበቃ ይዞ መምጣት አለበት። እኔም በመጣች ቁጥር ክንዷን እየወጋሁ ደም እቀዳለሁ። አሠሪዋ፣ መዳሟ፣ ደግሞ የራሷን ፈረደች፤ ስኒው ሲሰበር፣ ሳህኑ ሲሰበር «ይቺ ልጅ ወይ ፈሪ ናት ወይ ጂን አለባት» አለች። በመጨረሻም ቁርጡን ነገረቻት፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ በሽታዋ ምን እንደሆነ የሚናገር ወረቀት፣ ቤተሰቡ ከሚታከምበት ከኛው ክሊኒክ፣ በማህተም ካላመጣች ወደ አገሯ ትሳፈራለች። የሁለት እህቶቿ ትምህርት በሷ ትከሻ ነው። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሉሻል ይሄ ነው» አልኳት። ይሄን ተረት እኔው በገዛ አፌ መተረቴን ያዙልኝ።

በዚያው ሳምንት የጉባኤ ጥሪ መጣ። ለክሊኒኩ በዓመት አንድ ይመጣል፤ የሚሄደው ግን ሁልጊዜ የሙዲሩ የወንድም ልጅ ሙስጠፋ ነው። ሙስጠፋ ገንዘብ ተቀባያችን ነው። አምስት የጉባኤ ቦርሳ አለው። ዘንድሮ እኔ ልሂድ ብዬ ጠየቅኩ። «አንቺ እዚያ ምን ልትሠሪ? ግሉኮሱንስ ማን ይተክላል?» አለኝ ሙዲሩ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ብዬ ደግሜ ጠየቅኩ። ደግሞ እምቢ አለ። ሙስጠፋ ግን በዚያው ቀን ሰርግ ነበረበትና የመግቢያ ባጁን በስውር ሰጠኝ። የዕረፍት ቀኔ ነበር። ሄድኩ! ሳይፈቀድልኝ፣ ደረቴ ላይ «ሙስጠፋ» የሚል አንጠልጥዬ ሄድኩ።

ጠዋት የተነገረው ክፉ አልነበረም። ስለ እጅ መታጠብ አንድ ሰዓት ሙሉ ተማርን፤ መጸዳጃ ቤቱ ውሃ አልነበረውም። ምሳ ሲደርስ ከሰልፉ መሐል አንድ ሽማግሌ አየሁ፤ ስለ ዕጢ በሽታዎች ያስተማሩን ፕሮፌሰር ናቸው፣ ሁሉም «ብሩፍ» ይላቸዋል። ሰልፍ ጥሼ ከኋላቸው ገባሁ። ነውር መሆኑን አጥቼው አይደለም። ሰላጣው ጋ ስንደርስ የዘሀራን ወባ፣ ዓሣው ጋ ስንደርስ ታይፎይዷን ጨረስኩላቸው። ባጄን አነበቡ፣ ፊቴን አዩ፣ ሙስጠፋነቴን በትሕትና አለፉት። ከዚያ ጭልፋውን እንደያዙ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«አንገቷን የዳሰሰ አለ?»

አንገቷን! ዘሀራ ጠርሃዋን፣ ያንን ረጅም የራስ ሻሽ፣ እስከ አገጯ ጠምጥማ ነው የምትመጣው። ሙዲሩ ጨዋ ሰው ነው፤ የሙስሊም ሴት ሻሽ አያስፈታም። እሺ እሱስ ወንድ ነው፤ እኔስ? መጋረጃ ስቤ፣ ሴት ለሴት፣ «እስቲ ፍቺውና ልይሽ» ማለት ምን ገደደኝ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ዘሀራ ምኑን ደበቀች? የደበቅንባት እኛው ነን፣ ከነጨዋነታችን።

ብሩፉ የምርመራውን ስም በሶፍት ላይ ጽፈው ሰጡኝ። ዓርብ ዕለት ዘሀራን መጋረጃ ውስጥ አስገብቼ ሻሿን አስፈታኋት። አንገቷ ላይ አንዲት እብጠት አገኘሁ። ትንሽ ናት፤ ምራቋን ስትውጥ ግን ከጣቴ ሥር ከፍ ዝቅ አለች። እንቅርት! ያችን ተረት የተረትኩባት እኔ፣ አፌ ከእጄ ቀድሞ ኖሯል።

«ወላሂ አንገቴ ነው?» አለች ዘሀራ። «ታዲያ ስምንት ወር ሙሉ ክንዴ ምን አድርጎሽ ነው የምትወጊው?»

ይቅርታ ብዬ አለቀስኩ። «አብሽሪ» አለችኝ፤ በሽተኛዋ እሷ፣ የምጽናናው እኔ። ደሟ ተመረመረ፤ የአንገቷ ዕጢ ከልክ በላይ እየሠራ ነው። ብሩፉም ጠርተው አዩዋት፤ በኪኒን ይገታል፣ እጇም ይረጋጋል ብለው ጻፉላት። የቀረው የሙዲሩ ማህተም ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ዓርብ ሁለታችንም ሙዲሩ ጠረጴዛ ፊት ቆምን። ብሩፉን የት እንዳገኘኋቸው ሳልደብቅ ነገርኩት። ዓርብ የቤት ሠራተኞች የዕረፍት ቀን ስለሆነ ውጭ ያለው አግዳሚ በሴቶች ሞልቷል፣ በሩም ክፍት ነው። ውጤቱን አነበበና ፊቱ ጠቆረ። አምስት ጊዜ በራሱ እጅ ሌላ ነገር ጽፎላት የለ!

«ማን ፈቀደልሽ?» አለኝ። «ጉባኤ እንድትሄጂ ማን ፈቀደ? ስለ በሽተኛዬ ለሌላ ሐኪም እንድታወሪ፣ አንገት እንድትዳስሺ ማን ፈቀደ? ነርስ ነሽ እኮ!»

የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ በሱ እጅ ነው። ያንን እያሰብኩ አፌን ስከፍት ዘሀራ ቀደመችኝ። እጇ እንደ ወትሮው ይንቀጠቀጣል፤ ድምጿ ግን ንቅንቅ አላለም። በዚያችው ስብርብር ባለች ዐረብኛዋ፣ እኔ ሳላስተረጉምላት፣ እንዲህ አለችው፦

«ዶክተር፣ አንገቱ የኔ ነው። የፈቀድኩት እኔ ነኝ። ያላ፣ ማህተሙን ምታልኝ።»

ሙዲሩ በክፍቱ በር አሻግሮ ሲያይ እኔም ዞር አልኩ። አግዳሚው ላይ ካሉት ሴቶች አንዷ የራሷን አንገት ልትዳስስ ሻሿን ማላላት ጀምራ ነበር። ሙዲሩ ማህተሙን አነሣና መታው።

ዘሀራ ወረቀቷን ይዛ በረክሻ፣ በባጃጅ ማለቴ ነው፣ ወደ ሪያድ ሰፈር በረረች፤ መዳሟም ማህተሙን አገላብጣ አይታ የመሳፈሩን ነገር ተወችው። እኔ ግን ገና ጠረጴዛው ፊት ነኝ።

«በሚመጣው ዓመትም ጉባኤ ልትሄጂ ነው?» አለኝ ሙዲሩ ቀና ሳይል።

«እሄዳለሁ» አልኩት። ኢንሻአላህ እንኳ አላልኩም።