ከሳተላይት የተደበቀው ምድጃ

ልጅ ማስተማር ማለት ወጪ ችሎ ሰላይ ማሠልጠን ነው! አትቆጡኝ፤ እናንተም ዩኒቨርሲቲ የላካችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ልጄ ብርቄ ለዕረፍት መካነ ኢየሱስ እንደገባች፣ የአውቶቡሱን አቧራ እንኳ ሳታራግፍ፣ "እማዬ፣ የመመረቂያ ጽሑፌን የምሠራው በእኛ አገር ጭስ ላይ ነው" አለችኝ። እኔ እኮ ከሰል ቸርችሬ ነው ያስተማርኋት... ደን ጠባቂው ብቅ ባለ ቁጥር ጆንያውን በነጠላዬ እየሸፈንሁ!

"ጭሱን ምን ልታደርጊው?"

"ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን እለካለሁ። መልክ የለው፣ ሽታ የለው፤ ሰው ግን ይገድላል።"

"መልክ ከሌለው በምን አየሽው?"

"እኔ መቼ አየሁት? ሳተላይት ነው ከሰማይ ሆኖ የሚያየው።"

ወይ ጉዴ! ልጄ በገዛ እጇ ልታስይዘኝ! ደን ጠባቂውንስ በጠላ አባብለው ነበር። ሰማይ ላይ ላለ ሰላይ ጠላ በምን ይደርሰዋል?

በማግስቱ ብርቄ ገበያ ስትወጣ፣ ግቢ ያቀጣጠልሁትን የከሰል ምድጃ አንጠልጥዬ ቤት አስገባሁት። በሩን ዘጋሁ፣ መስኮቱን ዘጋሁ፣ የበሩን ሥር በጆንያ ወተፍሁ። እስቲ አሁን ይየኝ! ሽሮዬን እንደጣድሁ የንስሐ አባቴ መጡ።

"ምነው ልጄ፣ በቀትር ተዘግቶ?"

"ብርድ ነው አባቴ። ይግቡ፣ ቶሎ ይግቡ!" ብዬ ጆንያውን መልሼ ወተፍሁት።

ትንሽ እንደቆየን ራሴን ፈለጠኝ። አባቴ መስቀላቸውን ጨብጠው ወደ ላይ አንጋጠዋል።

"ልጄ፣ ይኼ ጣሪያ ይዞራል?"

"ይዞራል አባቴ።"

"አዬ! እኔስ በስተርጅና ለብቃት ደረስሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።"

ልነሳ ብል እግር ከየት ይምጣ! የፈሩት ይደርሳል የሚሉት ይኼ ነው፤ የእኔ ግን የደረሰው ካልፈራሁት በኩል ነው። ደግነቱ ብርቄ ከገበያ ተመለሰች። በሩን በትከሻዋ ገፍታ፣ ሁለታችንንም እየጎተተች ግቢ አወጣችን።

"እማዬ! እኔ ከሰማይ የምፈልገውን አንቺ በር ዘግተሽ ታጠራቅሚዋለሽ?" እያለች ታለቅሳለች። እኛ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን እናስመልሳለን።

ነፍሴ መለስ ስትል ከማን እንደተደበቅሁ ነገርኋት። እንባዋን ሳትጠርግ ሳቋ መጣ።

"ሳተላይቱ እኮ ምድጃ አይለይም! ጋይንትን፣ ስማዳን፣ እስቴን ደባልቆ ነው የሚያይ። አንቺን ከቁጥርም አያስገባሽ!"

ጉድ እኮ ነው... መኖሬን እንኳ ከማያውቅ ተደብቄ ልሞት ነበር!

የንስሐ አባቴ አፋቸውን ጠርገው ቀና አሉ፦

"አንቺስ ከሰልሽን ብለሽ ተደበቂ፤ እኔን ከማን ነው አብረሽ የደበቅሽኝ?"