ሳይታሰር የተጠራው ቁልፍ

(ሀና ማርያም ሰፈር፣ የጋሽ ሮበሌ ወተት መሸጫ። ጠዋት ነው። ሰማንያ ሊትር ወተት ታልቦ ገዢ ይጠብቃል። ደንበኞች በስልክ እንዲያዙበት ጎረምሳው ሚሳኤል የሠራው አፕ ግን፣ የማዘዣው ገጽ በተከፈተ ቁጥር ድርግም ብሎ ይጠፋል። ሁለቱ ተፋጠዋል።)

ሚሳኤል፦ አልኩዎት እኮ ጋሼ፣ ስልክዎ ነው ያረጀው!

ሮበሌ፦ ስልኬን ተወው! በሚስቴ በገዲሴም ስልክ ጠፍቷል። የሷ ገና ላስቲኩ አልተላጠም።

ሚሳኤል፦ (ላፕቶፑን እያየ) ቆይ... አሃ! ባይንዲንጉ ኢኒሻላይዝ አልሆነም።

ሮበሌ፦ በሰው ቋንቋ ንገረኝ።

ሚሳኤል፦ ቁልፉ ነው ችግሩ።

ሮበሌ፦ (ከኪሳቸው የቁልፍ ዘለላ አውጥተው) ታዲያ ቀድመህ አትናገርም? ይኸው፣ ትንሹ የበረቱ ነው።

ሚሳኤል፦ የበር ቁልፍ አይደለም! ስክሪኑ ላይ “እዘዝ” የሚለው፣ በጣት የሚነካው። እሱ አልታሰረም።

ሮበሌ፦ ምን አጥፍቶ ይታሰራል?

ሚሳኤል፦ ጋሼ! መታሰር ማለት ከኮዱ ጋር መያያዝ ነው። ሳይታሰር ተጠራ፤ ተጠርቶ ሲታጣ አፑ ደንግጦ ወደቀ።

ሮበሌ፦ ነፍስ ይማር። የኔ ወተትስ? ሙቀቱ መጣ፣ ሊረጋብኝ ነው!

ሚሳኤል፦ ነገሩ ረቂቅ ነው፣ አይገባዎትም። አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጫነው።

(ጫነው፤ ጠፋ። ደግሞ ጫነው፤ ደግሞ ጠፋ። ሚሳኤልን ላብ አጠመቀው። “ዛሬስ ጉዴ ፈላ” አለ በልቡ።)

ሮበሌ፦ እስቲ የጻፍከውን አንብብልኝ። በአማርኛ።

ሚሳኤል፦ ምን ያደርግልዎታል?

ሮበሌ፦ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ።

ሚሳኤል፦ (በረጅሙ ተንፍሶ) የላይኛው መስመር “ቁልፉን ጥራ” ይላል። የታችኛው “ቁልፉን እሰር”።

ሮበሌ፦ ድገመው።

ሚሳኤል፦ መጀመሪያ ጥራ፣ ከዚያ እሰ...

(ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ቀና ሳይል የታችኛውን መስመር ቆርጦ ከላይ ለጠፈው። ገጹ ተከፈተ! ብዙም ሳይቆይ የጋሽ ሮበሌ ስልክ ጮኸ፦ አሥር ሊትር፣ ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር ይምጣልኝ የሚል ትዕዛዝ።)

ሚሳኤል፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) እኔማ ገና ስገባ አውቄዋለሁ። እርስዎን ልፈትን ብዬ ነው።

ሮበሌ፦ እና አለፍኩ?

ሚሳኤል፦ አልፈዋል ጋሼ።

ሮበሌ፦ እንግዲያው ተነሥ፣ ወንበሩን ልቀቅ! አንተ ወተቱን ለቡ አድርስ፣ ኮዱን እኔ እይዘዋለሁ።