እሜቴ መፍቻና የሊሊ ሽማግሎች

ታላቅ ሰው ያለ ታላቅ ዓላማ አይኖርም። ስዊድን አገር፣ ቴንስታ የሚኖሩት ጋሽ ሕሩይም ጡረታ ከወጡ ወዲህ አሮጌ የቧንቧ መፍቻ ይሰበስባሉ። ሌላው ሰው ሎፒስ የሚሉት የአሮጌ ዕቃ ገበያ ወጥቶ ሰው የጠገበውን ሰሃንና መጋረጃ ሲያግበሰብስ እሳቸው ዝገት መርጠው ይመለሳሉ። ባለ ሰንሰለት አላቸው፤ ባለ ሁለት አፍ አላቸው፤ እንደ ሰንጢ ታጥፎ ኪስ የሚገባም አላቸው። የሁሉም የበላይ ግን አንገቷ ወደ ጎን የዞረ፣ እጀታዋ እንጨት የሆነ አንዲት መፍቻ ናት። ስሟ እሜቴ ነው። ሠሪዋ ምን አስቦ አንገቷን እንዳዞረው አይታወቅም፤ ክብሯም የመጣው ከዚሁ ነው።

የስብስቡ ሕገ መንግሥት አንድ አንቀጽ ብቻ አለው፦ ቧንቧ የነካ መፍቻ ከማዕረጉ ይወርዳል። «ዕቃ ሆነ ማለት ነው» ይላሉ ጋሽ ሕሩይ፣ ሌላው ሰው «ሌባ» በሚልበት ድምፅ።

ባለፈው ወር ልጃቸውን ሊሊን ለክርስቲያን እንድንጠይቅ ሦስት ሽማግሎች ተላክን። ክርስቲያን ሶልና ሆስፒታል የሚሠራ ጨዋ ልጅ ነው፤ እሱ እንደ ወጉ ታች መኪና ውስጥ ቀረ። መሪያችን ጋሽ ዕንባቆም ነበሩ። በስዊድን ሥርዓት ጫማችንን በር ላይ አወለቅን፤ በአገራችን ሥርዓት ደግሞ እሺ ሳንባል አንቀመጥም ብለን ቆምን። ይህ ቤት ለዚህ ወግ ሲባል የተሠራ ይመስላል፤ ወንበሮቹ ሁሉ ላይ መፍቻ ተቀምጦባቸዋል።

«ኧረ ቁጭ በሉ» አሉን የሊሊ እናት ወይዘሮ ፋንታዬ። የት እንደሆነ ግን አልነገሩንም።

ጋሽ ዕንባቆም ጉሮሯቸውን ጠርገው ከይስሐቅና ከርብቃ ጋብቻ ጀመሩ። ርብቃ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ የሚለው ላይ ሲደርሱ እግራቸው ራሰ።

ወጥ ቤት፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለው ቧንቧ ማንጠባጠብ ከጀመረ ሰንብቶ ነበር። ወይዘሮ ፋንታዬ ለአከራዩ ፌልአንሜላን የሚሉትን የብልሽት ማመልከቻ አስገብተው፣ ሰኞ ሠራተኛ ይመጣል ተብለዋል። ቧንቧው ግን ሰኞን የሚጠብቅበት ትዕግሥት አላገኘም።

«ኧረ ሕሩይ፣ ቤቱ ሊሰጥም ነው!»

«ፋንታዬ፣ ቁም ነገር ላይ ነን።»

ጋሽ ዕንባቆም አንድ እግራቸውን አነሱ። «ለመሆኑ አቶ ሕሩይ፣ እዚህ ቤት መፍቻ የለም?»

ይህን ሲጠይቁ ከራሳቸው በላይ ያለው ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር መፍቻ ነበር። ጋሽ ሕሩይ ከልባቸው አዘኑ።

«ምን ያድርጉት ጋሽ ዕንባቆም፣ የለንም። ከጎረቤት እንዳንዋስ ደግሞ ቅዳሜ ነው፤ ሰው አይገኝም።»

እኔም የሽማግሌ ድርሻዬን ለመወጣት «ውኃ ገድ ነው» አልኩ። ካልሲዬ አልተስማማም። እውነቱን ለመናገር ለልጅቷ ሆዴ ባባ። አባቷ ስለ እሷ ገና አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ እኛ ደግሞ ልንዋኝ ምንም አልቀረንም።

በወጉ መሠረት ጓዳ ተደብቃ የነበረችው ሊሊ ያን ጊዜ ብቅ አለች። እኛን አየች፣ ውኃውን አየች፣ ቀጥ ብላ ሄዳ እሜቴን ከግድግዳው አወረደች።

«ሊሊ! እሷን አይደለም!»

«ሉግን፣ ፓፓ» አለች በስዊድንኛ፤ ረጋ በል ማለቷ ነው። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ገባች። ቀጥ ያለ መፍቻ በማይደርስበት ጥግ እሜቴ አንገቷን አዙራ ዘው አለች። ሠሪዋ ምን አስቦ እንደነበር ለሁላችንም ተገለጠልን። ጋሽ ሕሩይ ብቻ ዓይናቸውን ጨፍነው ስለነበር አመለጣቸው። ውኃው ቀጥ አለ።

መቼም ያገራችን አባት ልጁን በአንድ ቀን እሺ ብሎ አይሰጥም። ዘር ይጠየቃል፣ ዘመድ ይመክራል፣ ሽማግሌ ይመላለሳል። ጋሽ ሕሩይ ግን በእሜቴ ጥርስ ላይ አዲስ ጭረት ሲያዩ እንባቸው መጣ።

«ውሰዷት! ሌላ ሳትነካብኝ ዛሬውኑ ውሰዱልኝ!»

ወይዘሮ ፋንታዬ መወልወያውን እንደያዙ እልል አሉ። ጋሽ ዕንባቆም ስንቱን ሲድሩ እንዲህ ቶሎ እሺ ተብለው ስለማያውቁ የተዘጋጁበት ንግግር እጃቸው ላይ ቀረ። እኔ በጣም ደስ አለኝ።

ሊሊ እጇን ጠረገች። «እሺ። እሜቴን ግን ይዣት ነው የምሄደው። የክርስቲያን ቤት ቧንቧ ከዚህም የባሰ ነው።»

ጋሽ ሕሩይ ኮታቸውን ቆለፉ፣ አንዱን ወንበር ከመፍቻ ነጻ አውጥተው ተቀመጡ፣ እኛንም በግርማ ተመለከቱን።

«ይህ እንኳ ከባድ ጉዳይ ነው» አሉ። «ዘመድ አዝማድ ሳይመክርበት እንዲህ በአንድ ቀን አይመለስም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ብቅ በሉ። ለመሆኑ ይህ ክርስቲያን የምትሉት ልጅ የማን ልጅ ነው? ጠባዩስ እንዴት ነው?»