ቁጥር አሥራ አራት ምን ነበረች?

(እውነቱን ለመናገር ከተማ የሚባለው ሰው ጎሳዬን በቅጡ አያውቀውም። ዳውንታውን አንድ ቢሮ ውስጥ ኮምፒዩተር ላይ እንደሚሠራ ሰምቷል፤ ምን እንደሚሠራ ግን ደፍሮ ጠይቆት አያውቅም። ከተማ ራሱ ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ሲያነሣና ሲያወርድ ነው የሚውለው። ኮድ መጻፍ የለመደው በእረፍት ሰዓቱ ከስልኩ ላይ እያየ ነው። የለመደውን የሚሞክርበት ቦታ ቢኖር ይህ ኖርዝላንድ ሰፈር ያለው የቤተክርስቲያኑ ቢሮ ብቻ ነው። እሑድ እሑድ አረጋውያንን ከየቤታቸው የሚያመጡ ሦስት ቫኖች አሉ፤ የትኛው ቫን ማንን ከየት እንደሚያነሣ የሚመድበውን ፕሮግራም የሚጠብቁት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ጎሳዬ አለቃ፣ ከተማ ደግሞ ሌላው ሁሉ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ውጭ በረዶ ይጥላል። ጎሳዬ ከተማ የጻፈውን እያነበበ ይንጨረጨራል።)

ጎሳዬ፦ ይሄ ኮሚት ሜሴጅ አይደለም! ይሄ የሠርግ ጥሪ ነው!

ከተማ፦ ረዘመ እንዴ ጋሼ?

ጎሳዬ፦ ረዘመ? ቆይ ላንብብልህ። «እትዬ ዓለምነሽ ደውለው፣ ቫኑ ሲመጣ ስልኬ ይጮኻል፣ ጽሑፉ ግን ጉንዳን ነው የሚያህለው አሉኝ። መነጽራቸውን ልጃቸው መኪና ውስጥ ረስተውታል። ስለዚህ ፊደሉን አተለቅኩት። በጣም መረቁኝ።» ምረቃ እዚህ ውስጥ ምን ይሠራል?

ከተማ፦ መርቀውኝ ዝም ብል ያስቀይማል ብዬ ነው።

ጎሳዬ፦ ማንን? ኮምፒዩተሩን?

ከተማ፦ እሱንማ አላውቅም።

ጎሳዬ፦ ለመቶኛ ጊዜ ልንገርህ። ኮዱን በነካህ ቁጥር አብራ የምትቀመጥ ማስታወሻ አለች። እዚያ ላይ የምትጽፈው ያስተካከልከውን የችግር ቁጥር ነው። ዝርዝሩ ሊስቱ ላይ አለ። የፊደሉ ነገር ሊስቱ ላይ ስንተኛ ነው? ሃያ ሁለተኛ። እንግዲያው «ሃያ ሁለት» ትላለህ። በቃ። ነጥብ።

ከተማ፦ «ሃያ ሁለት» ብቻ?

ጎሳዬ፦ ብቻ!

ከተማ፦ እትዬ ዓለምነሽ ሃያ ሁለት ሆኑ ማለት ነው?

ጎሳዬ፦ እሳቸው አይደሉም! ችግራቸው ነው!

ከተማ፦ ጋሼ፣ የእሳቸው ችግር በሃያ ሁለት የሚያልቅ አይምሰልዎት።

ጎሳዬ፦ ኧረ ጌታ ሆይ! ባለፈው ሳምንት «ቁጥር ጻፍ» ስልህ ምን ነበር የጻፍከው?

ከተማ፦ ቁጥር።

ጎሳዬ፦ የምን ቁጥር?

ከተማ፦ የእሳቸውን ስልክ።

ጎሳዬ፦ ስልክ!

ከተማ፦ ችግሩ ምን እንደነበረ ማወቅ የፈለገ ራሳቸውን ይጠይቃቸው ብዬ እኮ ነው። ከምሳ በኋላ ግን አያነሡም፣ ይተኛሉ። እሱንም ጽፌዋለሁ።

(ጎሳዬ ወንበሩን ወደ ኮምፒዩተሩ አስጠጋና የፕሮግራሙ ክፍል አባላት ስም ያለበትን ገጽ ከፈተ። ገጹ ላይ ሁለት ስም ብቻ አለ። ከተማ የሁለተኛው፣ የራሱ ስም መጨረሻ ከወዲሁ ታየው።)

ጎሳዬ፦ ወንድሜ፣ ልብህ ቅን ነው፣ አልክድም። ሥርዓት ግን የለህም። የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ከአንድ ሰዓት በኋላ ለስብሰባ ይመጣሉ። «ከተማ ከክፍሉ ወጥቷል» ብዬ እነግራቸዋለሁ። ሻይ የሚያፈላው ክፍል ሰው ይፈልጋል።

ከተማ፦ ጋሼ፣ በጌታ! ሌላ የምለማመድበት ቦታ የለኝም እኮ። ዌርሃውስ ውስጥ ኮምፒዩተር የምነካው ስገባና ስወጣ ብቻ ነው፤ እሱንም በባጅ።

ጎሳዬ፦ ለሻይም ልምምድ ያስፈልጋል።

(የከተማ ስልክ ጮኸ። ከቫን ሾፌሮቹ አንዱ፣ ባሮክ ነው።)

ከተማ፦ ሃሎ ባሮክ... እሺ... የነገ ዝርዝር ደረሰህ?... እትዬ ሰገነት ቤት ስንት?... ዘጠኝ?... እዚያች ባለ አንድ መኝታዋ አፓርታማ?... አይ፣ ሠርግም የለ፣ ለቅሶም የለ... እሺ፣ መልሼ ኮል አደርግሃለሁ።

ጎሳዬ፦ ምን አለህ?

ከተማ፦ ነገ ጠዋት ዘጠኝ ሰው ከእትዬ ሰገነት ቤት አንሣ ይላል፣ አለ። እሳቸው ደግሞ የሚኖሩት ከቴሌቪዥናቸው ጋር ብቻ ነው።

ጎሳዬ፦ ሌላስ?

ከተማ፦ ከሌሎቹ ሾፌሮች ጋር ሲያስተያዩት፣ ጋሼ ሀይሉን የሚያነሣው አንደኛው ቫን ነው። ባለቤታቸውን እትዬ ዓለምነሽን ደግሞ ሦስተኛው ቫን። ከአንድ በር።

ጎሳዬ፦ (ከወንበሩ ተነሥቶ) ይሄ ያንተ ሥራ ነው!

ከተማ፦ የኔ?

ጎሳዬ፦ ፊደሉን አተለቅከዋ! ፊደሉ ሲተልቅ ቦታው ጠበበ፣ ሰው ተጨናነቀ!

ከተማ፦ እትዬ ሰገነት ቤት?

ጎሳዬ፦ ስክሪኑ ላይ! ይሄ ሁሉ የማታውቀው ቴክኒካል ነገር አለው!

ከተማ፦ (አምኖ፣ አንገቱን ደፍቶ) ይቅርታ ጋሼ። ትንሽ ላሳንሰውና ሦስት አራቱ ይወጡ እንደሆነ ልሞክር?

ጎሳዬ፦ ሞክር!

(ከተማ ፊደሉን አሳነሰ። ሁለቱም ወደ ስክሪኑ አጎነበሱ።)

ከተማ፦ አሁንም ዘጠኝ ናቸው። አንሰው ግን ነው።

ጎሳዬ፦ ምን ማድረግህ ነው! ነገ ጠዋት እኮ ስምንት ሽማግሌና አሮጊት በየደጃቸው በረዶ ላይ ቆመው ቫን ይጠብቃሉ። ቫኑ ደግሞ እትዬ ሰገነት በር ላይ ጡሩምባ ይነፋል! ሽማግሌዎቹ ይሄን ቢሰሙ ፕሮግራሙን ዘግተው ወደ ወረቀት ነው የሚመልሱን!

ከተማ፦ እኔ ግን ፊደል ብቻ ነው የነካሁት።

ጎሳዬ፦ ትክዳለህ? ጥሩ! የቁጥርን ጥቅም አሁን ታያለህ። የለውጦቹን ታሪክ ክፈት። መጀመሪያ የኔን አንብብ።

ከተማ፦ ሰኞ፣ «ዘጠኝ»። ረቡዕ፣ «አሥራ አራት»። ዓርብ፣ «ሦስት እና አሥራ አንድ»።

ጎሳዬ፦ አየህ? ንጹሕ! ማንም ፈረንጅ ቢመጣ እንከን አያወጣለትም።

ከተማ፦ ያምራል። አሥራ አራት ምንድን ነው?

ጎሳዬ፦ ሊስቱን ከፍተህ አሥራ አራትን ታነባለሃ! ሊስቱ ለምን ተሠራ?

ከተማ፦ (ጣቱን እያስኬደ) አሥራ ሁለት... አሥራ ሦስት... ይኸው። «አሥራ አራት። የሕጻናት ክፍል በር ሲከፈት ይጮኻል። ዘይት ይፈልጋል።»

(ከተማ ከሊስቱ ቀና ብሎ ጎሳዬን አየው።)

ከተማ፦ ጋሼ፣ በሩን በኮድ ነው የቀቡት?

ጎሳዬ፦ ምን በር ነው የምታወራው? ዘጠኝን አንብብ!

ከተማ፦ «ሁለት የመዘምራን ልብስ ጠፍቷል።» አገኙት እንዴ?

ጎሳዬ፦ ሦስትን!

ከተማ፦ «የወንዶች ሽንት ቤት መብራት ይብለጨለጫል።» አሥራ አንድ ደግሞ፣ «የእንግዶች ዳቦ ይዘገያል።» (በአድናቆት) ይሄን ሁሉ በአንድ ሳምንት! ጋሼ ጎሳዬ፣ ይሄ ቤተክርስቲያን እኮ እርስዎን አላወቀዎትም!

ጎሳዬ፦ (ግንባሩን እየጠረገ) ትናንት ነው... የኛን ሊስት ከቤተክርስቲያኑ የጥገና ሊስት ጋር አንድ ላይ አደረግኩት። ሲቀላቀል ቁጥሩ እንደገና ተቆጠረ።

ከተማ፦ የዱሮው ሊስትስ?

ጎሳዬ፦ ዲሊት አደረግኩት። ሁለት ሊስት መያዝ ሥርዓት አይደለም።

ከተማ፦ ታዲያ የዱሮዋ አሥራ አራት ምን ነበረች?

ጎሳዬ፦ መቶ ሃያ ችግር ነበረን! ሁሉንም በቃሌ ልያዝ?

ከተማ፦ እሱን የሚያውቀው እንግዲህ...

ጎሳዬ፦ ሊስቱ ነበር።

ከተማ፦ ነፍሱን ይማረው።

(ጎሳዬ ተነሥቶ በመስኮት የመኪና ማቆሚያውን አየ። ሽማግሌዎቹ ገና አልመጡም። ተመልሶ ተቀመጠ። ጎሳዬ እንዲህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር ከተማ ሰምቶት አያውቅም።)

ጎሳዬ፦ እስቲ ያንተን አንብብ።

ከተማ፦ ከነምረቃው?

ጎሳዬ፦ ምረቃውን ዝለለው!

ከተማ፦ ማክሰኞ። «ዛሬ ቫኑ የሚደርስበትን ሰዓት አስተካከልኩ። ባሮክ ቀድሞ እየደረሰ፣ ጋሼ ሀይሉ ካልሲ ሳያደርጉ ይወጡ ነበር። ስጨርስ የእሑዱን ዝርዝር አየሁት፤ ደህና ነው። እትዬ ሰገነት ብቻቸውን፣ ጋሼ ሀይሉ ከባለቤታቸው ጋር።»

ጎሳዬ፦ ማክሰኞ ደህና ነበር ማለት ነው። ቀጥል።

ከተማ፦ ሐሙስ። ይሄ የፊደሉ ነው፤ የመጀመሪያውን አንብበውታል። ወረድ ሲል እንዲህ ይላል። «ሥራ ከመጀመሬ በፊት ዝርዝሩን ሳየው እትዬ ሰገነት ቤት ዘጠኝ ሰው አለ። እንግዳ መጥቶባቸው ይሆናል፤ የሰው ቤት ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ጎሳዬ፦ ከመጀመርህ በፊት?

ከተማ፦ አዎ፣ ኮቴን ሳላወልቅ። እንግዲህ ማክሰኞ ደህና ነው፣ ሐሙስ ጠዋት ተበላሽቷል... (በጣቱ እየቆጠረ) ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። መሀል ያለችው ረቡዕ ናት። ረቡዕ ደግሞ ያለው የርስዎ በር ብቻ ነው።

ጎሳዬ፦ በር አትበለው አልኩህ!

(ጎሳዬ የረቡዕን ለውጥ ከፈተው። ከተማ በትከሻው በኩል ተንጠራርቶ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ቀስ ብሎ አነበበ። አንብቦ ሲጨርስ የተረዳው ነገር ልክ ስላልመሰለው እንደገና ከላይ ጀመረ።)

ከተማ፦ እኔ ነኝ ያልገባኝ መሰለኝ። «ላስት ኔማቸው አንድ የሆነ ሁሉ አንድ ቤተሰብ ነው፤ ከአንድ ቤት ይነሣ» ነው የሚለው?

ጎሳዬ፦ አዎ። ምን ችግር አለው? አሜሪካ ውስጥ ላስት ኔም የቤተሰብ ነው። ቢሯችን ውስጥ ሁሉም እንደዚያ ናቸው።

ከተማ፦ ቢሯችሁ ውስጥ ሐበሻ አለ?

ጎሳዬ፦ እኔ አለሁ።

ከተማ፦ የኛ ሰው ላስት ኔም ብሎ የሚያስገባው እኮ የአባቱን ስም ነው። ይኸው ይዩዋቸው። ሰገነት በቀለ፣ ሩፋኤል በቀለ፣ ሔራን በቀለ... ዘጠኙም በቀለ ናቸው። ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ በቀለ አንድ ሰው አይደለም! አንዱ የጎባ፣ አንዱ የደሴ፣ አንዱ... (ስክሪኑን ተጠግቶ) ዘጠነኛው «ጎሳዬ በቀለ» ይላል። ውይ! እርስዎም ነገ የሚነሡት ከእትዬ ሰገነት ቤት ነው!

ጎሳዬ፦ ለሙከራ ነው ስሜን ያስገባሁት!

ከተማ፦ እኅት ማራኪ ይሄን ያውቃሉ?

ጎሳዬ፦ ባለቤቴን እዚህ ውስጥ አታግባ! እሷ ራሷ አይደለች እንዴ... (ድንገት ቆመ) አሥራ አራት! አሥራ አራት ትዝ አለችኝ!

ከተማ፦ ምን ነበረች?

ጎሳዬ፦ (ድምፁ እየሰለለ) «ባልና ሚስት በአንድ ቫን ይሳፈሩ» የሚል ነበር።

(ከተማ ስክሪኑ ላይ ያሉትን ዘጠኝ ስሞች እንደገና አየ።)

ከተማ፦ እና ባልና ሚስት የሚታወቁት አባታቸው አንድ ሲሆን ነው አሉ?

ጎሳዬ፦ እንደሱ አላልኩም።

ከተማ፦ ኮዱ ግን ብሏል። ጋሼ፣ በኛ ዘንድ የባልና የሚስት አባት አንድ ከሆነ ሽማግሌዎቹ ቫን አይደለም የሚልኩት። ራሳቸው ናቸው የሚመጡት።

ጎሳዬ፦ በቃ ገባኝ! ቶሎ ወደ ነበረበት መልሰው!

ከተማ፦ እኔ? እኔ እኮ ከክፍሉ ወጥቻለሁ።

ጎሳዬ፦ ማነው የወጣው? ማንም አልወጣም! ተቀመጥ!

(የአባላቱን ገጽ ጎሳዬ ራሱ ዘጋው። ከተማ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠና የረቡዕን ለውጥ አነሣው። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየ፤ አንዴ ብቻ አይደለም፣ ሁለቴ።)

ከተማ፦ ተመለሰ። እትዬ ሰገነት ብቻቸውን ናቸው። ጋሼ ሀይሉና እትዬ ዓለምነሽ አንድ ቫን ላይ ናቸው። እርስዎም ቤትዎ ገቡ።

ጎሳዬ፦ ተመስገን!

ከተማ፦ ማስታወሻው ቀረ። «አሥራ አራትን አፍርሻለሁ» ልበል?

ጎሳዬ፦ የሕጻናቱን በር አፈረሱት ሊባል? እንዳትሞክረው! አንተ... እንደለመድከው ጻፈው።

ከተማ፦ (እየጻፈ፣ ጮክ ብሎ) «ረቡዕ ዕለት ባልና ሚስትን አንድ ላይ ለማሳፈር ታስቦ፣ አሥራ ስድስት ባልና ሚስት ተለያዩ። ምክንያቱም ላስት ኔም ያልነው የአባት ስም ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ቅዳሜ ሁሉም ታርቀዋል።»

ጎሳዬ፦ ስሜን አታስገባ።

ከተማ፦ እኔ አላስገባሁትም። ረቡዕ ላይ ኮምፒዩተሩ ራሱ መዝግቦታል፤ ከነደቂቃው።

ጎሳዬ፦ እሺ፣ ጨርስ፣ ጨርስ።

ከተማ፦ አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። አቤቱታው እኮ ትክክል ነው፤ በሌላ መንገድ መሠራት አለበት። እንዳይጠፋብን ከማን እንደመጣ ልጻፍበት። «አንድ ላይ እንሳፈር» ብሎ ያመለከተው ማን ነበር?

ጎሳዬ፦ እሱ አስፈላጊ አይደለም።

ከተማ፦ ለኔ ያስፈልገኛል። ሠርቼ ስጨርስ ደህና መሆኑን የምጠይቀው እሱን ነው።

(ኮሪደሩ ላይ ሽማግሌዎቹ የጫማቸውን በረዶ ሲያራግፉ ተሰማ። ከተማ ጣቶቹን ፊደሎቹ ላይ እንዳደረገ ጠበቀ። ጎሳዬ ፊቱ እስከ ጆሮው ቀልቷል።)

ከተማ፦ እርስዎ ነዎት ጋሼ? ወይስ ቅድም «እሷ ራሷ አይደለች እንዴ» ያሏት እኅት ማራኪ?

ጎሳዬ፦ ይሄን አልመልስም።