የገላው ዘመቻ፣ ስለ በጉና ስለ ጃንጥላው

በሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ኃያሉ ገላው በቦርሳ ተሸካሚነት በተሾመ በሦስተኛው ወር፣ በሚኖርበት ኮንዶሚኒየም የውኃ ተራ ከማክሰኞ ወደ ዓርብ በተዛወረ በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ ኅዳር፣ በዕለተ እሑድ፣ በየካ ተራራ ላይ ስለ ተደረገው ታላቅ ነገር የተጻፈ ዜና ይህ ነው። ጸሐፊውም በቦታው የነበሩትን ሁሉ ለየብቻ ጠይቆ፣ ያጋነኑትን ቀንሶ፣ የቀነሱትንም አጋኖ፣ ለሚመጣው ትውልድ አስቀመጠው፤ የማያምን ካለ ዳገቱ አልተዘጋም፣ ወጥቶ ባሕር ዛፎቹን ይጠይቅ።

ይህ ገላው፣ መፍቀሬ መጻሕፍት፣ ጽኑዕ በቃሉ፣ የመገናኛን ሰልፍ በትዕግሥቱ የሚያደክም፣ ከጎጃም ወደ ሸገር መጥቶ በየካ የተከራየ፣ በአንድ የመድን ድርጅት ውስጥ የተጋጩ መኪኖችን ወረቀት ሲመረምር የሚውል ሰው ነበረ። በልቡም አንድ መጽሐፍ ብቻ ነበረው፤ እርሱም «የአቶ ድንቁ ሦስተኛ ሠርግ» ይባላል። ያገኘውም አዲስ አበባ በገባ በመጀመሪያው ክረምት፣ ማንንም በማያውቅበት፣ እሑድ ከሰው ጋር አንድ ቃል ሳይነጋገር በሚመሽበት ወራት፣ መገናኛ መንገድ ዳር ላስቲክ ላይ ከተዘረጉት አሮጌ መጻሕፍት መካከል ነው። ሽፋኑ የለም፤ በካላንደር ወረቀት ተለብጦ ርእሱ በእስክርቢቶ ተጽፎበታል፤ ደግሞም ለምን እንደ ሆነ እንጃ፣ ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል።

መጽሐፉ የሚጀምረው ከገጽ ዘጠኝ ነው። ገላውም ይህን አይቶ አልደነገጠም፤ ከዚያ በፊት ያለው መቼም ምስጋናና መቅድም ነው፣ ደራሲው ባለቤቱንና ማተሚያ ቤቱን የሚያመሰግንበት ነው፣ እሱን ደግሞ ማን ያነበዋል ብሎ ተወው። ከዚያም የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አነበበ፤ እንዲህም ይላል፤ «ስለዚህ በጉን ከነጃንጥላው ትታ ከአውቶቡሱ ወረደች።» አነበበና በዚያች በተከራያት ክፍል ውስጥ ብቻውን እንባው እስኪፈስ ሳቀ፤ ከአገሩ ከወጣ ወዲህ ከልቡ የሳቀው ያን ጊዜ ነው። በ«ስለዚህ» የሚጀምር መጽሐፍ! በጉ እንዴት እንደ ተሳፈረ፣ ጃንጥላውን ማን እንደ ገዛለት ምንም ሳይል ዘው ብሎ የሚገባ ደራሲ! ገላው እንዲህ ያለ ድፍረት አይቶ አያውቅም ነበርና መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አነበበው፤ ደገመው፤ ሠለሰው፤ ኋላም አንድ የሥራ ባልደረባው «ለአንድ ቀን ብቻ» ብሎ ተዋሰውና ክፍለ ሀገር ተዛውሮ ሄደ፤ መጽሐፉም በዚያው ቀረ።

ከዚያ በኋላ ማኅበረ መስመር የሚባለው ጉባኤ ተመሠረተ። የማኅበሩ መሥራችና ዳኛ ብዙነሽ ናት፤ እርሷም መምህርት፣ ድምፅዋ ያለ ማይክ ትምህርት ቤት ሙሉ ሰልፍ የሚያስይዝ፣ ሁለት ጊዜ መናገር የማትወድ ናት። ሁለተኛው በርናባስ ነው፤ የባንክ ሰው፣ ባለ ብዙ መደርደሪያ፣ «ከሁሉ አብልጬ የምወደው» የሚለው መጽሐፍ በየሳምንቱ የሚለዋወጥበት። ሦስተኛው ራሱ ገላው ነው። ብዙነሽም የማኅበሩን ሕግ እንዲህ ስትል አወጀች፤

«ስሙኝማ! እሑድ እሑድ ከየካ ሚካኤል በላይ ባሕር ዛፉ ሥር እንገናኛለን። እያንዳንዱ ሰው የሚወደውን መጽሐፍ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ይላል፤ ሌላው የመጽሐፉን ስም ይገምታል፤ ባለ መስመሩ ራሱ ግን መጽሐፉን ሳያሳይ ስሙን አይናገርም። ማንም ያላወቀለት ሰው ወይ መጽሐፉን አምጥቶ ያሳያል፣ ወይ የሁላችንን ቦርሳ ይሸከማል። ጭቅጭቅ የለም፤ ጨርሻለሁ!»

ጭቅጭቅ የለም ተብሎ ከታወጀ ወዲህ ያለ ጭቅጭቅ ያለፈ አንድም እሑድ የለም። ገላው ተራው በደረሰ ቁጥር ተነሥቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ስለ በጉና ስለ ጃንጥላው ይናገራል፤ ማንም አያውቅለትም፤ የሚያሳየውም መጽሐፍ የለውምና ቦርሳውን ይሸከማል። ባልንጀሮቹ አዝነውለት ሌላ መጽሐፍ ጥቀስና ተገላገል ቢሉት፣ የምወደው እሱን ነው፣ ሌላውን ብጠራ ይከፋዋል ብሎ እምቢ አለ። እንዲህ ያለ ግትር ከየት ይገኛል! ቅዳሜ ማታም በርናባስ ትዕግሥቱ አልቆ በማኅበሩ ቴሌግራም ላይ ይህን አዋጅ ለቀቀ፤

«ገላው፣ ወንድሜ ነህ፣ እወድሃለሁ፤ ግን አበዛኸው። በግ ከነጃንጥላው አውቶቡስ ውስጥ! እንዲህ የሚል መጽሐፍ የለም፤ ከራስህ ነው ያመጣኸው። ነገም ማንም ካላወቀልህ እስከ ፋሲካ ቦርሳ ትሸከማለህ፣ ከማኅበሩም ፊት ስለ መጽሐፍ አንዲት ቃል አትተነፍስም!» ብዙነሽም በአውራ ጣት ምልክት አጸደቀችው።

ገላው ያን ሌሊት አልተኛም። ቦርሳውስ ቦርሳ ነው፣ ትከሻ ይለምደዋል፤ ያንገበገበው «ከራስህ ነው ያመጣኸው» መባሉ ነው። ያ መጽሐፍ በዚያ ክረምት ብቸኝነቱን ያስረሳው ወዳጁ ነበርና፣ የለም ሲባል ያ የሳቀበት ቀን ራሱ የለም የተባለ መሰለው።

በነጋም ጊዜ ዘመቻው ከመገናኛ ተነሣ። አዋጅ ነጋሪ የሆነው የታክሲ ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «የካ ሚካኤል! የካ ሚካኤል! ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ቦርሳ ያለው እንደ ሰው ይከፍላል!» ብሎ ካወጀ በኋላ ሠራዊቱ ተጭኖ ሄደ፤ ከየካ ሚካኤልም ወርዶ በእግር ዳገቱን ያዘ። ፊት ብዙነሽ፤ ከእርሷ ቀጥሎ በርናባስ በአዲስ ጫማ፣ ስለ ጫማው እያወራ፤ ከእርሱ ቀጥሎ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣች የብዙነሽ ጎረቤት ሁሪያ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ በሾላ ገበያ ቅመም መካከል ያደገች፣ ቁርሷን ሳትበላ የወጣች፤ ከሁሉ በኋላ ገላው በቦርሳው ሥር፤ ከገላውም በኋላ ዳቦ የሸተተው አንድ ውሻ። በቦርሳውም ውስጥ የብዙነሽ ፐርሙዝ ከነሻዩ፣ ኩባያዎች፣ ዳቦና ቢላዋ፣ ሙዝ፣ ሁለት ጋቢ፣ ባትሪው ያለቀ ፓወር ባንክ፣ እንዲሁም በርናባስ ለማስረጃ ያመጣው በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ነበረ። መጽሐፉም በመንገዱ ሁሉ የገላውን አከርካሪ ወጋው፤ ገላው ግን ለማንም አልተናገረም።

ከባሕር ዛፉ ሥር ደርሰው ጋቢው በተነጠፈ ጊዜ፣ ከተማይቱም ከታች በጭጋግ ተሸፍና ሳለች፣ በርናባስ ቀድሞ ተነሣና እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ መስመሩን ለቀቀ፤ «በዚያ ዓመት ክረምቱ ቀድሞ ገባ፤ ጃንጥላ ሻጮቹ ግን ገና ተኝተው ነበር።»

ማንም አላወቀለትም። በርናባስ ግን ምን ተዳው፣ ማስረጃ አለኝ ብሎ ወደ ቦርሳው ሲንደረደር ብዙነሽ ማስረጃ የሚታየው ሁሉም ተናግሮ ሲያበቃ ነው ብላ አስቀመጠችው። በዚህ ጊዜ ገላው፣ ሦስት ወር ሙሉ የተዋጠ ንዴቱ ድንገት ገንፍሎ፣ ተነሥቶ አወጀ፤

«እኔ ገላው እላለሁ! በዝናብ የሚጀምር ደራሲ የሚለው ቢጠፋው ሰማይ ሰማይ ያየ ነው! እንዲህ ያለውን መጽሐፍ በነፃ ቢሰጡኝም አላነበውም!»

ወይ ገላው! ምነው ያን ጊዜ ምላስህን በያዝክ። ግን ማን ነግሮት ይወቅ፣ ተራው ደርሶ ነበርና ጉሮሮውን ጠረገ፤ «ስለዚህ በጉን ከነጃንጥላው ትታ ከአውቶቡሱ ወረደች» አለ። ብዙነሽ መሬት መሬት አየች፤ በርናባስ ፋሲካ መቼ እንደ ሆነ በስልኩ ይፈልግ ጀመር፤ ውሻው ጆሮውን አከከ። ያን ጊዜ ሁሪያ እጇን አነሣች። አፏ ግን በዳቦ ተሞልቶ ነበርና መናገር አልቻለችም፤ ሁሉም ዓይን ዓይኗን እያየ ቆየ፤ እርሷም አኘከች፣ አሁንም አኘከች፣ በሻይ አወራረደች፤ ገላውም ነፍሱ ልትወጣ ደረሰች። በመጨረሻ ዋጠችና አወጀች፤

«የአቶ ድንቁ ሦስተኛ ሠርግ! እንዴ፣ ይሄንንማ ማን ያጣዋል!»

ገላው አጠገቡ ያለውን ባሕር ዛፍ አቀፈ። በርናባስ ግን እንደ እሳት ብድግ ብሎ ይግባኝ ሲል ጮኸ፤

«ሐሰት ነው! የአቶ ድንቁ ሦስተኛ ሠርግ የእኔ መጽሐፍ ነው! የሱ መጀመሪያ አሁን እኔ ያልኩት ነው! ማስረጃውም ቦርሳው ውስጥ አለ!»

ቦርሳው ተከፈተ፤ ፌስታሉ ተፈታ፤ እነሆም አከርካሪውን ሲወጋ የመጣው መጽሐፍ እርሱ ራሱ ሆኖ ተገኘ፣ ከነሽፋኑ፣ ከነርእሱ። ብዙነሽም ገጽ አንድን ገልጣ ብታነብ፣ ክረምቱ ቀድሞ ገብቷል፣ ጃንጥላ ሻጮቹም ተኝተዋል። ገላው ቁጭ አለ። የገዛ ወዳጁን መጀመሪያ አለማወቁ ሳያንስ፣ በነፃ ቢሰጡኝም ብሎ በአደባባይ ሰድቦት ነበርና ዓይኑ እንባ አቀረረ። ይህን ያየች ሁሪያ ኩባያዋን አስቀምጣ ሁለተኛውን አዋጅ አወጀች፤

«ቆይ ቆይ ቆይ፣ በሞቴ እንዳታለቅስ! ጥፋቱ የእኔ ነው። ተማሪ እያለሁ ሾላ አክስቴን ቅመም በመሸጥ አግዛት ነበር። መጠቅለያ ሲያልቅብን ያን መጽሐፍ ሰጠችኝ፤ ሽፋኑንም ከፊት ያለውንም ሳላየው እየቀደድኩ ኮረሪማ ጠቀለልኩበት። ገጽ ዘጠኝ ላይ ስደርስ ግን ዓይኔ በጉ ላይ አረፈ፤ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ በሳቅ ፈረስኩ! ከዚያ ወዲያ አንዲት ቅጠል አልቀደድኩም፤ የመጣውን ሁሉ እጅህን ዘርጋ እያልኩ ኮረሪማውን በእጁ አፈሰስኩለት። በካላንደር የለበጥኩት፣ ርእሱንም ከገጾቹ ግርጌ አይቼ የጻፍኩበት እኔ ነኝ። አንድ ዘመዳችን ተውሶ ወስዶ በልቶት ቀረ፤ ለአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ሸጦት ኖሯል!»

ገላውም ያን የኮረሪማ ሽታ አሰበና ቀና አለ። በርናባስ ግን ሕግ ሕግ ነው፣ መጀመሪያ ማለት ገጽ አንድ ነው እያለ ፋሲካን ደጋግሞ ቢጠራ፣ ዳኛይቱ ብዙነሽ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ፣ ተማሪ በምታይበት ዓይን አይታው፣ ይህን አወጀች፤

«ጥሩ፣ በርናባስ። ከሁሉ አብልጬ የምወደው ብለሃል። ይህን የበግ ነገር ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ በየሳምንቱ ሰምተኸዋል። እንግዲያው በምትወደው መጽሐፍ ገጽ ዘጠኝ ላይ ያለውን እንዴት አላወቅኸውም?»

በርናባስ ጫማውን አየ። ብዙነሽ መጽሐፉን ብትገልጥ ስድስተኛው ገጽ ላይ የካፌ ሶፍት ተሰክቶ ተገኘ፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት ገጾች ከማተሚያ ቤት እንደ ወጡ፣ ጠርዛቸው ሳይቆረጥ፣ አንዱ ካንዱ እንደ ተያያዘ ነው። የዳቦውን ቢላዋ አንሥታ ቀስ ብላ ሰነጠቀቻቸው። ገጽ ዘጠኝም ከታተመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ብርሃን አየ፤ ከአናቱም «ስለዚህ በጉን ከነጃንጥላው ትታ ከአውቶቡሱ ወረደች» ይላል። ዳኛይቱም ፈረደች፤

«የገላው መስመር ከራሱ የመጣ አይደለም፤ አለ፤ ታይቷል! ቦርሳው ወደ በርናባስ ይሂድ፣ እስከ ፋሲካ! ገላውና ሁሪያ የጎደላቸውን ስምንት ገጽ አሁኑኑ ያንብቡ፤ እኛ ዝም እንላለን!»

ሁለቱም ጋቢው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ መጽሐፉን በየአንድ ጉልበታቸው አስደግፈው አነበቡ። በጉ ለምን እንደ ተሳፈረ፣ ጃንጥላውንም ማን እንደ ገዛለት ያን ጊዜ ተረዱ፤ ይህን ጸሐፊው አይናገርም፣ እነርሱ ስንት ዓመት ጠብቀውበታልና። ገላውም ተነሥቶ ስለ ዝናቡ የተናገርኩትን ሽሬዋለሁ፣ ይቅርታ አድርግልኝ ብሎ ለመጽሐፉ አወጀ፤ ተመልሶም ተቀመጠ። የስምንተኛውን ገጽ የመጨረሻ ቃል ጨርሰው ዓይናቸው እኩል ወደ «ስለዚህ» ሲሻገር፣ ገላው በዚያ ክረምት እንደ ሳቀው ሳቀ፤ ሁሪያም ሳቀች። ይህን ጊዜ ብቻውን አልነበረም።

ሲወርዱም ገላው እጁን እያወዛወዘ ፊት ፊት ሄደ፤ በርናባስም በአዲስ ጫማው፣ በቦርሳው ሥር፣ ከውሻው ጋር ከኋላ ተከተለ። ቁልቁለቱ ግማሽ ላይ ሲደርሱ ከኋላ በለሰለሰ ድምፅ የዕለቱ ትንሹ አዋጅ ተሰማ፤ «ኧረ ሰዎች… በጉ ግን በመጨረሻ ደኅና ነው?» ገላውም ቆመ፤ ዘወር አለ፤ በሙሉ ሥልጣኑም አንዲት ቃል አወጀ፤

«አንብብ!»

እንግዲህ ገላው ሆይ፣ ጽኑዕ፣ መፍቀሬ በግ ወጃንጥላ፣ ለአንድ መስመር ሦስት ወር ቦርሳ የተሸከምክ፣ የገጽ ዘጠኝ አርበኛ፣ ስምህ ከመገናኛ እስከ እንጦጦ ይነገር፤ የዓርብ ውኃህ አይቋረጥብህ፤ ታክሲህ ሳይሞላ አይለፍህ፤ ዕድሜህም ያዋሰው መጽሐፍ ይመለስልኛል ብሎ እንደሚጠብቅ ሰው ተስፋ ይርዘም።