ከድመት ምስጋና ጋር

«የትኛውንም ክፍል ብትሰጡኝ ግድ የለኝም» የሚል አስተማሪ ካጋጠማችሁ፣ ወይ ገና አልተቀጠረም፣ ወይ ጡረታ ወጥቷል። በመካከሉ ያለነው ሁላችን የየራሳችን ክፍል አለን። በስብሰባ ላይ ሁሉም ተማሪ ለእኛ እኩል ነው እንላለን፤ የክፍል ድልድል የሚለጠፍ ዕለት ግን ፊታችንን ብታዩት የሎተሪ ዕጣ የምንጠብቅ ይመስላችኋል። የሒሳብ አስተማሪው ጓደኛዬ ከሰባተኛ ክፍል ውጪ ንክች አላደርግም ይል ነበር። ለምን ቢሉት፣ ሰባተኛ ክፍሎች ማልቀስ ትተዋል፣ መከራከር ደግሞ ገና አልጀመሩም፤ ይህ የሰላም ዘመን የሚቆየው አንድ ዓመት ብቻ ነው ባይ ነው። እንግሊዝኛ የምታስተምረዋ ለአራተኛ ክፍል ትሞታለች። የጻፈችውን ሁሉ ሳይጠራጠሩ የሚገለብጡላት የመጨረሻዎቹ የሰው ልጆች እነሱ ናቸው አሉ።

እኔስ? እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰው ነኝ፤ በተፈጥሮ ማለቴ ነው። ደሴ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል አማርኛ አስተማርኩ። ከዚያ አፌ አላርፍ አለና በፖለቲካ ሰበብ አገር ለቅቄ ካርቱም ገባሁ። መጀመሪያ ሐጅ ዩሱፍ ገበያ ሽንኩርት ከመኪና ሳወርድ ቆየሁ፤ በኋላ ሳጃና በሚባል ሰፈር ስደተኛው ተሰባስቦ ባቋቋማት ትምህርት ቤት ተቀጠርኩ። ትምህርት ቤት ልበላት እንጂ ከአንድ ሐጅ የተከራየናት ባለ አንድ ፎቅ መኖሪያ ቤት ነበረች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ፎቅ ላይ፣ አንደኛ ክፍል ምድር ላይ፣ ድሮ ወጥ ቤት በነበረው ክፍል ውስጥ ይማራሉ። ዳይሬክተራችን ወይዘሮ አስካለ ወጥ ቤቱን ለእኔ ሰጡኝ።

ፎቁን የተመኘሁት ለክብር ብቻ እንዳይመስላችሁ። (ለክብርም ነበር።) የናፈቀኝ አማርኛ ነው። ቀኑን ሙሉ ረክሻ በሚሉት ባጃጅ፣ በሱቁ፣ በመታወቂያው መሥሪያ ቤት በዓረብኛ ስንተባተብ የምውል ሰው ነኝ። በቀን ለአርባ አምስት ደቂቃ አሽሙር ተናግሬ የሚገባው ሰው ፊቴ ቢቀመጥ ብዬ መመኘት ብዙ ነው እንዴ? ፎቁ ላይ እንደዚያ ያሉ ዐሥራ አንድ ልጆች ነበሩ። በመስኮት ሲከራከሩ እሰማቸዋለሁ፤ እኔ ከታች ቆሜ «ሀ» እላለሁ።

የእኔዎቹ ካርቱም የተወለዱ ናቸው። አማርኛ የሚሰሙት ከእናታቸው ነው፤ እናት ደግሞ በማለዳ ወጥታ ሲመሽ ነው የምትገባው። ከመካከላቸው ሃያት የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እናቷ አል-ማንሺያ ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ትሠራለች። እናቷ «አንቺ» እያለች ስለምታናግራት፣ በአማርኛ የሚነገረው ሰው ሁሉ «አንቺ» የሚባል መስሏታል። «ኡስታዝ፣ ጠመኔሽ አለቀ» ትለኛለች። ጢሜን እያሳየሁ ወንድ መሆኔን አስረድቻታለሁ። በትዕግሥት አዳምጣኝ ስታበቃ፣ ገባሽ ወይ ብላት፣ አዎ፣ ጢም አለሽ አለችኝ።

አንድ ቀን ወይዘሮ አስካለ አስጠሩኝ። በወላጆች ቀን የመዝጊያውን ምስጋና ከአንደኛ ክፍል አንድ ልጅ ያቀርባል፤ እሱ ካማረ ለከርሞ ፎቅ ትወጣለህ አሉኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር! ለዘጠኝ ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መምህር ይህ ምን ይከብደዋል? «የተከበራችሁ እንግዶቻችን፣ ስለመጣችሁ ከልብ እናመሰግናለን» ብዬ ጻፍኩና ድምፀ መልካሟን ሃያትን መረጥኩ።

ልምምድ ጀመርን። «የተከበራችሁ» አለች፣ «እንግዶቻችን» አለች፣ «ስለመጣችሁ» አለች፤ የሚቀጥለውን ቃል ስነግራት አፏን በእጇ ያዘች። ክፍሉ በሙሉ «አይብ! አይብ!» እያለ ጮኸ። ጎመን ያላመጣ ሕዝብ አይብ ምን ያደርግለታል ብዬ ግራ ተጋባሁ። ለካ በዓረብኛው ነውር ማለታቸው ነው። ነውረኛው ማን ነው? እኔ! በዓረብኛ «ከልብ» ውሻ ነው። የተከበራችሁ እንግዶቻችን ብዬ ስሰድባቸው ሰሙኝ። ቃሉን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ መንገድ ላይ በየቀኑ የምሰማው ስድብ ነው። ከራሴ አፍ ሲወጣ ግን አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ብልህ አስተማሪ ቢሆን ቃሉን ቀይሮ «በጣም እናመሰግናለን» ብሎ ይገላገል ነበር። እኔ ግን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰው ነኝ አላልኳችሁም? ሰዋስው አስተማርኳቸው። «ከ» መስተዋድድ ነው፣ «ልብ» ስም ነው፣ ሁለት ለየብቻ የሆኑ ነገሮች ናቸው አልኩ። «ከ» ባለበት ይቆማል፤ ስሙን እየለዋወጥን ከቤት፣ ከሱቅ፣ ከገበያ ማለት እንችላለን ብዬ ሰሌዳውን ሞላሁት። ሃያት ዓይኗን ሳትነቅል ሰማችኝ። ገባሽ ወይ ስላት ገብቶኛል አለች።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ከፊት ረድፍ የቤቱ ባለቤት ሐጁ ነጭ ጀለብያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሃያት ወጣች። የተከበራችሁ እንግዶቻችን፣ ስለመጣችሁ፣ አለችና ዓይኗ ሐጁ ላይ አረፈ። ጥቂት አሰበች። ከዚያ ጥርት ባለ ድምፅ «ከድመት እናመሰግናለን!» አለች።

ወላጆች በሳቅ ወደቁ። ሐጁ ምን ተባለ ብለው ጠየቁ፤ ሲተረጎምላቸው ከዘራቸው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ወይዘሮ አስካለ ብቻ አልሳቁም። በኋላ ልጅቷን ምነው አልኳት። ሐጁ ኩወይስ ነው፣ ጥሩ ሰው ነው፣ ውሻ አይባልም፤ ድመት ግን እናቴ የምትሠራበት ቤት አለች፣ በጣም ኩወይስ ናት አለችኝ። ልብ በሉ፤ «ከ» ባለበት ቆሟል፣ ስሙ ተለውጧል። በዕድሜዬ ያስተማርኩትን ሰዋስው እንደዚህ በትክክል በሥራ ላይ ያዋለልኝ ተማሪ የለም።

በማግስቱ ወይዘሮ አስካለ ጠርተው፣ ኸላስ፣ በቃ፣ አንተ ለሕፃናት አትሆንም፣ ለከርሞ ኢንሻላህ ፎቅ ትወጣለህ አሉኝ። ቢሳካልኝ በሽልማት የማገኘውን፣ ባይሳካልኝ በቅጣት አገኘሁት። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ወሩ ሳይሞላ የካርቱሙ ጦርነት መጣ። ፎቁም ምድሩም ባዶ ቀረ፤ ልጆቹም በየአቅጣጫው ተበተኑ። እኔ በመተማ በኩል ወጥቼ፣ የአገሬም ነገር ተለዋውጦ ስለነበር ደሴ ተመለስኩ። እነሆ ዛሬ ምኞቴ ሞልቶ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ አንቱ ይሉኛል፤ አሽሙሬም ይገባቸዋል። «ከልብ» ስል አፉን የሚይዝ፣ አይብ ብሎ የሚጮህ የለም። እኔ ግን ያ ወጥ ቤት ናፈቀኝ። የተማሪዎቼን ስም በጠራሁ ቁጥር ሃያት የምትባል እንድትነሣ እጠብቃለሁ። እሷና እናቷ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ከዓመት በላይ አላወቅሁም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከማላውቀው የሱዳን ቁጥር የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። እነ ሃያት ናቸው፤ ፖርት ሱዳን ገብተዋል። ድምፁ ትንሽ ወፈር ብሏል፤ አማርኛው ግን ያው ነው። «ኡስታዝ፣ ከድመት ናፈቅሽኝ» ይላል። አስተማሪ ስሕተት ማረም አለበትና፣ አንደኛ አንቺ አይባልም፣ ሁለተኛ ከልብ ነው የሚባለው ልላት መቅጃውን ተጫንኩ። እንባዬ ቀደመኝና አጥፍቼ እንደገና ጀመርኩ። በመጨረሻ የላክሁላት «እኔም» የሚል ብቻ ነው።

በማግስቱ የከርሞ ድልድል ቅጽ መጣ። የምፈልገው ክፍል በሚለው ላይ «አንደኛ» ብዬ ሞልቼ አስገባሁ። ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ቅጹን አዩ፤ መነጽራቸውን አድርገው እኔን አዩ። የሰው ሁሉ ምኞት የሆነውን ክፍል ትተህ ከሕፃናት ጋር ልትጮህ፣ ከልብህ ነው? አሉኝ።

አፌ ቀደመኝ። ከድመቴ ነው አልኳቸው።