ክብ የመሰለው የእትዬ ዘነበች ክር

መርካቶ ውስጥ ቀጥ ያለ ነገር መፈለግ ምን ያደርጋል ወዳጄ? መንገዱ ጠማማ፣ ወረፋው ጠማማ፣ ዋጋ ሲነግሩህ እንኳ ዞረው ዞረው ነው። እኔ ቁልፍ ሻጭ ነኝ፤ የሸሚዝ፣ የኮት። ስለዚህ ክብ ነገር አውቃለሁ ባይ ነበርኩ።

ከእኔ ቀጥሎ እትዬ ዘነበች ክር ይሸጣሉ። ፊት ለፊት ጋሼ ታደለ ሚስማር። ጋሼ ጡረታ እስኪወጡ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። ንግዱ ግን አልሆነላቸውም። ድብርት ይዟቸው ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ።

አንድ ቀን አንዲት ሙሽራ መጣች። ለሰርጓ መድረክ፣ ከጀርባዋ የሚቆም፣ በነጭ ክር የተሠራ ትልቅ ክብ ፈለገች። እትዬ «ምን ገዶኝ!» አሉ። አራት እኩል ካሬ ጣውላ አስቆረጡ። በእያንዳንዱ ጣውላ፣ በአንድ ማዕዘን በሚገናኙ ሁለት ጠርዞች ላይ እኩል እያራራቁ ሚስማር መቱ። ለማዕዘኑ የቀረበውን ሚስማር በሌላው ጠርዝ በጣም ከራቀው ጋር በክር አገናኙ፤ ሁለተኛውን ከመጨረሻው በፊት ካለው ጋር፤ እንዲህ እያሉ ሄዱ። ክሮቹ ሁሉ ቀጥ ያሉ ናቸው። ግን ማንም ያልሳለው ጎበጥ ያለ መስመር ብቅ አለ! አይገርምም? አራቱን ጣውላ ያንን ማዕዘናቸውን ወደ ውጭ አድርገው ሲገጥሟቸው ክብ መሰለ።

ጋሼ መንገዱን ተሻግረው መጡ። አዩት፣ ዞሩት።

«ዘነቡ፣ ይሄ ክብ አይደለም» አሉ።

«ምን ጎደለው?»

«አልጎደለውም፤ ወደ ማዕዘኖቹ ወጣ ወጣ ብሏል።»

እትዬ ተቆጡ። ሰርጉ ደርሷላ! ጋሼ ግን ካርቶን ቀደው ቁጭ አሉ። ሁሉንም ክሮች አንድ በአንድ ነካ እያደረገ የሚያልፈው መስመር ቀመሩ፣ ኢኩዌሽኑ፣ ምንድን ነው? ሌላ አልታያቸውም። ሚስማር ፈላጊ ሲመጣ ወደ ጎረቤት ሰደዱት። እኔም ሱቄን ትቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጉጉት እንደ ቆሎ ነው፤ አንዴ ከቀመሱት እጅ አይመለስም።

ከሰዓት በኋላ ብድግ አሉ። «የኤክስ ስኩዌር ሩት ሲደመር የዋይ ስኩዌር ሩት፣ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ነው! ፓራቦላ ነው ዘነቡ! የተወረወረ ድንጋይ የሚሄድበት መንገድ!» ምኑም አልገባኝም። ግን እንዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

«ታዲያ ለሙሽራዋ ድንጋይ ልወርውርላት?» አሉ እትዬ።

ጋሼ እንደገና አቀረቀሩ። እውነተኛ ክብ እንዲወጣ ሚስማሮቹ እኩል መራራቅ የለባቸውም አሉ። አስልተው በሌላ አራት ጣውላ ላይ ቦታውን በእርሳስ ምልክት አደረጉ። እትዬ እያጉረመረሙ ክሩን ወጠሩ። ሲያልቅ ከመሀል እስከ ዳር በገመድ ለካነው። በየትም በኩል እኩል። ክብ!

ሙሽራዋ ስትመጣ ሁለቱን ጎን ለጎን አቆምንላት።

«ይሄ ክብማ በየአዳራሹ አለ» አለች። «ያንን ወጣ ወጣ ያለውን ስጡኝ።»

ጋሼ የሚናደዱ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን «ለምን እሱን ወደድሽው ልጄ?» ብለው ጠየቋት፤ ዓይናቸው ንጹህ ካርቶን እየፈለገ።

«እንጃ፤ ደስ አለኛ!»

እትዬ ዘነበች ሙሽራዋን ሸኝተው ተመለሱ። የቀረውን ክብ ግድግዳ ላይ አስደግፈው ትክ ብለው አዩትና፣ «ጋሼ» አሉ፣ «ስህተቱ ተዳረ፤ ትክክሉ ቆሞ ቀረ።»